ኮምፒዩተሩ የለችም ያላት ልጅ

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ጫማችሁን በር ላይ አውልቁልኝ። አልቀለድኩም። ያኔ እኔ በምሠራበት ክፍል ማንም ሰው፣ ከበላይ የመጣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም ነበር። አቧራ ለኮምፒዩተር ጠላት ነው ተብለናል፤ አርባ ምንጭ ደግሞ በአቧራ አትታማም። ባለሥልጣኑ ጫማውን ሲያወልቅ በካልሲው ቀዳዳ አውራ ጣቱ ብቅ ይልና፣ እኔና አለቃዬ ጌታሁን ወደ ግድግዳው ዞረን ሳቃችንን እንውጥ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ማብቂያ አካባቢ ነው። እኔ የአርባ ምንጩ የሲቀላ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጸሎት ቤቱ ታሽጎበት ሳሎናችን ውስጥ በሹክሹክታ የሚያዘምር ወንጌላዊ፣ እናቴ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እያመጣች የምትቸረችር። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ጋሞኛ ነው፤ አማርኛ የትምህርት ቤትና የቢሮ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ የኮምፒዩተር ኮርስ ወስጄ ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ ተአምር የተማርኩ መሰለው። እኔም መስሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

የተቀጠርኩት ወላጆቻቸውን ያጡ ወይም የጠፉባቸውን ሕፃናት በሚያሰባስብ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ በተለያዩ ከተሞች የሕፃናት ማሳደጊያዎች ነበሩት፤ አንዱ እዚያው አርባ ምንጭ ነው። አንድ ልጅ ሲመጣ ቅጽ ይሞላለታል፤ ቅጹ ላይ ያለውን እኛ ኮምፒዩተሩ ውስጥ እናስገባና ወረቀቱ አዲስ አበባ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ይላካል። ከዚያ በኋላ ልጁን የሚያውቀው ማሽኑ ነው። ዘመድ ልጄን ብሎ ሲመጣ፣ መቼ እንደጠፋ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ስንት ዓመት እንደሚሆነው እንጠይቅና ማሽኑን እናዘዋለን፤ እሱም የልጁን ቁጥርና ያለበትን ማሳደጊያ ያወጣል። ያ ቁጥር ከሌለ የማሳደጊያው በር አይከፈትም። ጭካኔ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የሰው ልጅ የኔ ነው ብለው ወስደው ከብት ጠባቂ ያደረጉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ፕሮግራሞቹን ሁሉ የጻፈው አለቃዬ ጌታሁን ነው። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። ገና በመጀመሪያው ቀን “ጋሼ ካልሽኝ ከሥራ አስወጣሻለሁ” ብሎኛል። አንድ ሱስ ነበረበት፤ ማሳጠር ይወዳል። ሌላ ሰው በገጽ የሚጽፈውን ትእዛዝ እሱ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። መስመሩ ከስክሪኑ ወደ ቀኝ አልፎ ይሄዳል፤ ለማንበብ እየገፉ መከተል ነው። ፆታ፣ ዕድሜ፣ ወር ብሎ መጻፍ ለሰነፍ ነው ይላል፤ እሱ ዘንድ ሁሉም አንድ አንድ ፊደል ነበሩ።

“ይሄ ኬ የሚለው ምንድን ነው?” ስለው፣

“ያው ኬ ነዋ!” ይለኛል።

“እሺ አንተ ብትረሳውስ?”

“እዚህ አለ፣ የት ይሄዳል?” ብሎ ጭንቅላቱን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል።

አንድ ቀን ጭንቅላቱ ወደ ሰሜን ሄደ። የዘመቻ ጥሪ ደርሶት ከሌሎች ጋር ተጭኖ ሲሄድ መኪናው ሥር ቆሜ ነበር። “መፈለጊያውን ፕሮግራም እንዳትነኪው፣ ይሠራል። ስመለስ አንድ በአንድ አስተምርሻለሁ” አለኝ። እጁን ሰጠኝ፤ ከወትሮው ትንሽ ቆየ። ይህን የምጽፈው ዛሬ የልጅ ልጅ ያለኝ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ልናገረው፤ እወደው ነበር። አልነገርኩትም።

እሱ ከሄደ ጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ሴት ገባች። በከዘራ ትደገፋለች፤ አንድ እግሯን ትጎትታለች። ኮንጎ ጫማዋን ገና ከግቢው በር ላይ አውልቃ በእጇ ይዛለች። ማንም አልነገራትም። በብብቷ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። የቢሮው ኃላፊ ጓድ ለማ በረንዳው ላይ ስለነበር መጀመሪያ ያናገረችው እሱን ነው።

“ጌታዬ፣ ልጄ ጠፍቶ ነው። ሴት ነው። ትንሽ ነው።”

ጓድ ለማ አማርኛዋን ሲሰማ ወደ እኔ ዞረ። “አስቴር፣ የአገርሽ ሰው ናት መሰለኝ። አናግሪያት።”

በጋሞኛ ሰላም ስላት ትከሻዋ ወረደ። ስሟ አልታዬ ይባላል፤ ከዳገቱ ላይ ያለው የኦቾሎ መንደር ሰው ናት፣ ባሏ የሞተባት። ወንበር ሰጠኋት፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

“ያለፈው ዓመት ነው” አለችኝ። “መስቀል ሊደርስ ነበር። ቅቤ ልሸጥ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። አማረችን አዝያታለሁ፤ አራት ዓመቷ ነው ግን ዳገቱን አትችልም። ገበያው መሃል ራሴን አመመኝ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ስነቃ አዲስ አበባ ነኝ።”

ሰዎች አንስተው ሆስፒታል አድርሰዋታል፤ ከዚያ ደግሞ ራሷን ሳታውቅ በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ተልካለች። ልጅቷን ማን እንደያዛት የሚነግራት አልነበረም። ወራት ተኛች። አንደበቷ ተመለሰ፤ እግሯ በግማሽ ተመለሰ። ሲያስወጧት መጀመሪያ አገሯ ገብታ፣ ከዚያ ወደ አርባ ምንጩ ሆስፒታል ወርዳ ስትጠይቅ፣ አንድ አሮጌ ሠራተኛ “ያኔ ብቻዋን የቀረች ሕፃን ነበረች፣ ለሕፃናት ሰብሳቢዎቹ ሰጥተናል” አላት። እኛ ዘንድ የመጣችው እሱን ተከትላ ነው።

ልቤ በደስታ ዘለለ። ይሄ ቀላል ነው አልኩ። ጋዋኔን ለብሼ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ስሟን መፈለግ ዋጋ የለውም፤ አማርኛ የማያውቁ ሕፃናት ሲመጡ ሞግዚቶቹ የየራሳቸውን ስም ያወጡላቸዋል። ስለዚህ በወር ነው የምንፈልገው። መስቀል ሊደርስ ነበር ካለች መስከረም ነው። ሴት፣ አራት ዓመት ገደማ፣ ከሆስፒታል የመጣች። አረንጓዴዎቹ ፊደላት ብልጭ ብልጭ አሉና “የለም” አሉ። ነሐሴን አደረግሁ። የለም። ጥቅምትንም ሞከርኩ። እንደገና የለም።

“ምን ይላል?” አለችኝ።

“የለችም ይላል።”

ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። ያላለቀሰችው ለምን እንደሆነ ገርሞኝ ነበር።

“እኔንም የለችም ብለውኝ ነበር” አለች። “ከአዲስ አበባ ስመለስ አገሬ ሞታለች ብሎ አልቅሶልኝ ጨርሷል። ለእኔም ለአማረችም። ወንድሜ ጠጉሩን ተላጭቶ፣ ጎረቤት ሁሉ አዝኖ፣ ሁለታችንም አልቅሰው አውጥተውናል። በበሩ ስገባ ወንድሜ ጮኾ ሸሸ። ይኸው እኔ አለሁ። እሷም አለች።”

ወጥቼ ለጓድ ለማ ነገርኩት። ሌሎቹን ማሳደጊያዎች በስልክ እንጠይቅ፣ ቢያንስ የከተማችንን ገብታ ትይ ብዬ ለመንኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ኮምፒዩተሩን ከፈረንጅ ሲረከብ የተነገረውን አምኖ የተቀበለ ሰው ነው።

“አስቴር፣ ይሄ ማሽን ይረሳል?”

“አይረሳም።”

“ይዋሻል?”

“አይዋሽም።”

“እንግዲያው የለችም ካለ የለችም። ለአንዷ ያለ ቁጥር ከከፈትኩ ነገ ለሁሉም መክፈቴ ነው። ሌላ ድርጅት ወስዷት ይሆናል፣ እዚያ ትጠይቅ።”

አልታዬ ግን አልሄደችም። ከግቢያችን በር ውጭ ያለው ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ማክሰኞም እዚያው ነበረች። ለምሳ ስወጣ ከእናቴ ጉሊት ሙዝ አምጥቼ ሰጠኋትና አብሬያት በላሁ። ያን ጊዜ ነው ጥቅሉን የፈታችልኝ። የልጅ ጋቢ ነው፤ ነጭ፣ ጥለቱ ጠባብ። ወንድሟ ከድንጋጤው ከተመለሰ በኋላ የሸመነው ነው።

“አድጋ ይሆናል ብዬ ረዘም አድርገህ ሥራው አልኩት” አለች። “ዓመት ሊሆናት አይደል? ልጅ በዓመት ስንት ያድጋል?”

እኔ ምን አውቃለሁ። እስከ ወገቤ ድረስ በእጄ ለክቼ “ይሄን ያህል” አልኳት። ጋቢውን አስተያይታ የሚበቃት መሰላት፤ መልሳ ጠቀለለችው።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሳይታሰብ ዝናብ ወረደ። አልታዬን ወደ በረንዳው አስገባኋት። የሰፈሩ ልጆች መንገዱ ላይ ወጥተው ልብሳቸውን እየጣሉ ይጨፍራሉ። እሷም ታያቸዋለች።

“ያን ቀንም እንዲህ ነበር” አለች። “ሲቀላ ስገባ ልጆች ሁሉ ራቁታቸውን ዝናብ ውስጥ ነበሩ። የሩፋኤል ጠበል ነው ይላሉ። አማረች አውርጂኝ፣ እኔም ልጠመቅ ብላ ጀርባዬን ስትደበድበኝ ነበር።”

የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ በሩፋኤል ዝናብ ተጠምቄ አላውቅም። ግን የሩፋኤል ቀን መቼ እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ? በየዓመቱ በመስኮት ቆሜ የጎረቤት ልጆች ሲቦርቁ እያየሁ በቅናት ያረርኩበት ቀን ነው። መስከረም አይደለም። ነሐሴም አይደለም። ጳጉሜን ነው።

ተነስቼ ሮጥኩ። ጫማዬ ጭቃ እንደለበሰ ኮምፒዩተሩ ክፍል ስገባ ጓድ ለማ “ምን ነካት ይቺ ልጅ!” ሲል ከኋላዬ ይሰማኛል። ወር የሚለው ላይ አሥራ ሦስት ጻፍኩ።

የለም።

ዕድሜውን ተውኩት። ፆታውን ተውኩት። ዓመቱንም ተውኩት። በየትኛውም ዓመት ጳጉሜን ውስጥ የመጣ ማንኛውም ልጅ አልኩት። የለም አለኝ። ያን ጊዜ በገዛ ጣቶቼ አሥራ ሦስት ብዬ ያስገባኋቸው ልጆች እንደነበሩ ትዝ አለኝ። ማሽኑ ውስጥ አሉ፤ ግን አይወጡም።

የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ጌታሁን አትንኪው ያለኝን ማንበብ። ያንን መስመር በማተሚያው አወጣሁት። ወረቀቱ ላይ ዞሮ ዞሮ ወርዶ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይለይ ነገር ሆነ። ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ፣ ኤክስ፣ ኬ፣ ዜድ። አማኑኤል ሆስፒታል እንደገባ ሰው ለብቻዬ እያወራሁ ነበር። “ምን ነበር ስማቸውን ብትጽፈው? ምን ነበር ትንሽ ቦታ ብትተውለት?” ከዚያ እስክሪብቶ ይዤ መቆራረጥ ጀመርኩ። አንዱን ሐሳብ ለብቻው አንድ መስመር፣ ፊደሉን ከነሙሉ ስሙ፣ በሰው ቋንቋ፤

ፆታዋ የተጠየቀው የሆነ፣

ዕድሜዋ ከተጠየቀው በአንድ ዓመት ቢበዛ ወይም ቢያንስ፣

የመጣችበት ቦታ የተጠየቀው የሆነ፣

ገና ለዘመድ ያልተሰጠች፣

ወሩ፣ ያ ኬ የሚለው፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያለ፤ ከዚያ ውጭ የሆነውን ግን ተወው።

እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ቆመ። ይህችን ሐረግ አውቃታለሁ። ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የመጣው የፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ ያለች ምሳሌ ናት፤ ከአሥራ ሁለት በላይ የሆነ ወር የጸሐፊ ስሕተት ስለሆነ ዝለለው ትላለች። ለእነሱ ልክ ነው። ጌታሁን ምሳሌዋን እንዳለች ገልብጦ መስመሩ ውስጥ አጥፎ ከቷታል። ለብቻዋ ቆማ ቢሆን ኖሮ፣ የአሥራ ሦስት ወር አገር ልጅ አይደለም ወይ፣ ባንድ እይታ ይስቅባት ነበር። እኔም እስቅበት ነበር። ግን ማን ያያታል? እንኳን ሌላው፣ እሱም ራሱ ከጻፋት ወዲያ ተመልሶ አላነበባትም።

አሥራ ሁለቱን አሥራ ሦስት አደረግሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም።

ጥቂት ልጆች ወጡ። ከእነሱ አንዷ ሴት ናት፤ ዕድሜ አራት ገደማ፣ ከሆስፒታል የተወሰደች፣ እናቷ የት እንዳለች የማይታወቅ። ስሟ ትዕግሥት ተብሏል። ማሳደጊያው፣ አርባ ምንጭ። ከእኛ ቢሮ ቁልቁል በእግር የሚኬድበት ቦታ።

እየሮጥኩ ወጣሁ። አልታዬን ይዤ “አለች! አለች!” ስላት እሷ ግን አልጮኸችም፤ ከዘራዋን ፈለገች። ጓድ ለማ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ፊቱ ተለዋወጠ። ከሰዓት በኋላ የግዴታ የውይይት ክበብ ነበረበት፤ መቅረት ያኔ ቀልድ አልነበረም። “ክበቡን እግዜር ያውቅለታል” ብሎ የላንድሮቨሩን ቁልፍ አነሳና ራሱ ነዳ።

የማሳደጊያዋ ሞግዚት በሩን ከፍታ ቁጥሩን አየች። “ትዕግሥት? እሷማ ሆስፒታል ናት። ወባ ይዟት ሰኞ ነው ያስገባናት።”

“ማን አለ አብሯት?” አልኩ።

“ማን ይኖራታል የኔ እህት? ዘመድ የላትም። እኛ እዚህ ሃምሳ ልጅ ይዘን እንዴት እንሁን?”

በአገራችን ሆስፒታል መታመም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ነርሷ መርፌዋን ወግታ ትሄዳለች። ውኃ የሚያጠጣው፣ ላብ የሚጠርገው፣ ሲብስ ሮጦ ሐኪም የሚጠራው አስታማሚ ነው። አስታማሚ የሌለው ሰው አልጋ ላይ ቢተኛም ሜዳ ላይ ነው። ሰኞ ማለት ደግሞ አልታዬ እኛ ዘንድ የመጣችበት ቀን ነው። ልጅቷ ብቻዋን ስትነድ፣ አስታማሚዋ በራችን ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነበር።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ልጅቷ አልጋው መሃል ላይ አንድ እፍኝ ሆና ተኝታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኗ ግማሽ ክፍት ነው ግን አያይም። የአጠገቧ ታማሚ እናት ጨርቅ እያራሰች አፏ ላይ ታደርግላት ነበር። አልታዬ ከዘራዋን ጥላ አልጋው ላይ ተደፋች።

“አማረች! አማረች!”

ነርሷ መጣች፤ ደክሟታል፣ ተናዳለች። “ስሟ ትዕግሥት ነው። እናንተ ደግሞ እስካሁን የት ነበራችሁ? ልጁን ጥሎ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ነው?”

አልታዬ ቀና ብላ አየችኝ። “ምን አለች?”

“ከየት መጣችሁ ነው የምትለው” አልኳት።

“ከኦቾሎ በያት” አለችና ወደ ልጇ ተመለሰች።

ለነርሷ በአማርኛ ሁሉንም ስነግራት የአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሐኪሙን ራሷ ሮጣ ጠራችው። አዲስ ግሉኮስ ሰቀሉ፤ መርፌ ጨመሩ። ሐኪሙ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል፣ ከትናንት በስቲያ አስታማሚ ኖሯት ቶሎ ብትጠራን ኖሮ አለና ቀሪውን ዋጠው። ይህንን አልተረጎምኩም። አብራን የመጣችውን ሞግዚት ለምን ትዕግሥት እንዳሏት ስጠይቃት፣ “አታለቅስማ። ከመጣች ጀምሮ አታለቅስም፤ በር በር ታያለች እንጂ” አለችኝ።

ሲመሽ አልታዬ ሂጂ፣ እናትሽ ትሰጋለች አለችኝና ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሙዝና ሻይ ይዤ ስደርስ ከክፍሉ የሚሰማ ነገር አልነበረም። አልታዬ አልጋው ግርጌ ቆማለች። ልጅቷን በጋቢው ጠቅልላታለች። ጋቢው በጣም ረዝሞ ስለነበር ሁለት ቦታ አጥፋዋለች።

“አላደገችም” አለችኝ።

ይዤው የሄድኩትን ሙዝ እንደያዝኩ እዚያው ቀረሁ። ከዚያ እሷ ራሷ እኔን ልታጽናናኝ መሰለኝ፣ “ነግቶ ሳይነጋ ዓይኗን ገለጠች። እናቴ አለችኝ፣ በቋንቋችን” አለች። ማሳደጊያው ውስጥ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል በጋሞኛ ስትናገር የሰማት የለም ብለውኛል። እኔ በቦታው አልነበርኩም። ግን አምናታለሁ፤ ዛሬም።

ጓድ ለማ ላንድሮቨሩ እስከሚችለው ድረስ አደረሰን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት የኦቾሎ ሰዎች ወርደው ተቀበሉን፤ እያፈራረቁ ተሸክመው ወደ ጉብታው ወጡ። ከላይ ሲያዩት አባያ ሐይቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። መንደሩ ደርሰን ሰዉ በሚሰበሰብበት አደባባይ፣ በዱቡሻው፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ተቸግረው ነበር። ለዚህች ልጅ አልቅሰናል፤ ወጉ ሁሉ ተፈጽሟል። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይለቀሳል ወይ? እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ዝም ብላ ትቀበር፣ ለቅሶው ያለፈው ይቆጠር የሚሉ ነበሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ወግ እንዳይፈርስ ፈርተው ነው።

አልታዬ በከዘራዋ ተደግፋ መሃላቸው ገባች።

“ያኔ ስታለቅሱላት እኮ በሕይወት ነበረች” አለች። “እናንተ ስታለቅሱ እሷ በር በር ታይ ነበር። የሞተችው ዛሬ ነው። ያለፈውን ለእኔ ቁጠሩት። ዛሬ ለልጄ አልቅሱልኝ።”

ከዚያ ወንድሟ ጋቢውን ከትከሻው ጣለና ጮኸ። ሴቶቹ ተከተሉት። ጎረቤት ቀበሌ ሰምቶ ወጣ። እስከ ማታ ድረስ ያ ጉብታ ሲያለቅስ ዋለ፤ ጓድ ለማም ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

ጌታሁን አልተመለሰም። ደብዳቤም፣ መርዶም አልመጣም። መንግሥት ሲለወጥ የተመለሱትን ወታደሮች በየመኪናው ሥር እየዞርኩ አይቻለሁ። ብዙ ዓመት ተናድጄበት ኖሬአለሁ፤ ይኑር ይሙት በማይታወቅ ሰው ላይ መናደድ ግን ያደክማል። ቢመለስ ያንን የቆራረጥኩትን ወረቀት ፊቱ ላይ ዘርግቼ፣ “ይኸውልህ ኬ ማለት” ልለው ነበር። ከዚያ አብረን እናለቅስ ነበር። ለእሱ እስከ ዛሬ አልተለቀሰም፤ መሞቱን የነገረን የለምና።

እናንተ ይህን የምታነቡት፣ ምናልባት ኮምፒዩተር በኪሳችሁ ይዛችሁ የምትዞሩ ልጆች ናችሁ። እኔ ከዚያ ሳምንት በኋላ የጌታሁንን ፕሮግራሞች ሁሉ ፈትቼ እንደገና ጻፍኳቸው። አንድ ሐሳብ ለአንድ መስመር። ወር የሆነውን ወር ብዬ፣ ዕድሜ የሆነውን ዕድሜ ብዬ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በላይ ደግሞ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፤ ማንን እንደምንፈልግ፣ ማንን ደግሞ እንደምንተው። ሁለተኛዋን ስጽፍ ሁልጊዜ እጄ ይዘገያል። ኋላ ወጣቶች ማስተማር ስጀምር “እትዬ አስቴር አንድ መስመር የሚበቃውን ገጽ ሙሉ ታስጽፈናለች” እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ። “አንተ ሰሜን ስትሄድ ይሄን ማን ያነብልሃል?” ስላቸው ምን ማለቴ እንደሆነ አይገባቸውም፤ አሮጊቷ ቃዠች ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

ዓመቱ ተለውጦ መስቀል ሲደርስ አልታዬ ቅቤ ይዛልኝ መጣች። ኮንጎ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ማሽኑ ፊት ቆመች።

“አሁን ብትጠይቂው ምን ይላል?” አለችኝ።

ልዋሻት አሰብኩ። ግን ተቀመጥኩና ጻፍኩ። ሴት፣ አራት ዓመት ገደማ፣ ከሆስፒታል፣ ጳጉሜን። የሞቱትን ልጆች ከማሽኑ የመሰረዝ ሥራ የእኔ ነበር፤ የእሷን እስከዚያ ቀን አልሰረዝኩትም። አረንጓዴዎቹ ፊደላት ብልጭ ብልጭ አሉ።

“ምን አለ?”

“አለች ይላል።”

እጇን አንስታ ስክሪኑን በጣቷ ጫፍ ነካች፤ አቧራ እንዳለበት ሁሉ መልሳ በቀሚሷ ጠረገችው።

“ተዪው” አለችኝ። “እንዲያ እንዳለ ይኑር።”